ኮኾ የሚለው ቃልና የመርጌታ ወልደ ሐና እግር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደባርቅ ውስጥ ሥራ ፈትቼ አላውቅም። ደመወዙ ቀረ እንጂ ሥራስ ሞልቷል። ልጅ ሆኜ ኩባ ስለተማርኩ ስፓኒሽ እናገራለሁ፤ ይህን የሰሙ አስጎብኚዎች እንግዳ ይዘው ከተራራ በወረዱ ቁጥር ያልገባቸውን ቃል ሁሉ ሰብስበው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። መዝገበ ቃላቱ በስልካቸው ውስጥ አለ፤ ግን ስልክ አያጫውትም።

በቀደም የመጣችው ገነት ናት። ገነት የሰሜን ተራሮችን ከሚያስጎበኙት ወጣቶች አንዷ ስትሆን ምላሷም እግሯም ፈጣን ነው። ወንበር እንኳ ሳትስብ፣

«ጋሽ ታደለ፣ ኮኾ ማለት ስድብ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ማን ማንን ብሎ ነው?»

«ይዣት የወጣሁት ስፔናዊት ናት። መጀመሪያ ጓዛችንን የተሸከመችውን በቅሎ አየችና ኮኻ አለቻት። ሎጁ ስንገባ ደግሞ የምሳው ጠረጴዛ ሲንገዳገድባት እሱንም ኮኻ አለችው። ዛሬ ቁልቁለቱ ላይ እግሯ ወለም ሲላት ራሷንም ኮኻ ብላ ሳቀች። በቅሎዋም፣ ጠረጴዛውም፣ እሷም አንድ ስም ይኖራቸዋል?»

«ይኖራቸዋል» አልኳት። ኮኾ ማለት አንካሳ ማለት ነው፤ ለሴት ሲሆን ኮኻ ይባላል። ጠረጴዛ በነሱ ቋንቋ ሴት ስለሆነች እሷም ኮኻ ናት። ሰውም ይሁን ከብት፣ ከእግሩ አንዱ አልታዘዝ ያለው ሁሉ ኮኾ ነው። አንዱ እግሩ ያጠረ ወንበርም ያው ነው። ሌላው ቀርቶ አንድ ነገር የጎደለው ወሬም ኮኾ ይባላል። ዕድሜ ልኩን ያነከሰውንና ለዛሬ ብቻ ያነከሰውን ግን ይለያሉ፤ ሁለት ዓይነት «ነው» አላቸው፣ አንዱ ለሚኖር ነገር፣ አንዱ ለሚያልፍ። እንግዳሽ የሚያልፈውን ነው የተናገረችው፣ አትጨነቂ አልኳት።

«እሺ፣ ስድብ ነው ወይስ አይደለም?»

«እንደ ተናጋሪው ነው።»

«እንዲህማ ከሆነ የሁሉም ቃል መልስ ይኸው ነው» ብላ እየሳቀች ሄደች።

እውነቷን ነው። የሰጠኋት መልስ ራሱ ኮኾ ነበር። ሙሉውን ለመመለስ ግን የሥራ ዘመኔን በሙሉ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ምክንያቱም ያን ቃል የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው እግር ላይ ነው። ሙያዬ ሰው ሠራሽ እግር መሥራት ነበር።

የተወለድኩት ዳባት ነው። አባቴ ወታደር ነበር፤ ምሥራቅ ጦር ሜዳ ላይ ሞተ። እንደኔ አባታቸውን ያጡ ብዙ ልጆች ኩባ ሲላኩ እኔም አብሬ ተላክሁ። ሰዎች ስለ ኩባ ሲጠይቁኝ ስለ ባሕሩና ስለ ሸንኮራው እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። እኔ ግን ትዝ የሚለኝ ጄሶ ጄሶ የሚሸት አንድ ወርክሾፕ ነው። ትምህርት ስንጨርስ ሙያ ሲደለደል ጓደኞቼ ግብርናና ነርስነት ደረሳቸው፤ እኔ «ኦርቶፔዲ» ተባልኩ። ቃሉን አላውቀውም። ወርክሾፑ ገብቼ ግድግዳው ላይ ጫማ ተደርድሮ ሳይ፣ ባሕር ተሻግሬ መጥቼ ጫማ ሰፊ ልሆን ነው ብዬ ዕንባዬ መጣ። ከጫማዎቹ በላይ የተሰቀሉትን እግሮች ያየሁት ቆይቼ ነው።

አስተማሪያችንን ሰው ሁሉ ኮኾ ይለው ነበር። ልጅ እያለ በያዘው ፖሊዮ ግራ እግሩ አጥሮና ቀጥኖ ስለቀረ ራሱ በሠራው ከፍ ያለ ጫማ ይራመዳል። መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ ከፎቅ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት «ኦዬ፣ ኮኾ!» ትለዋለች፤ እሱ ባርኔጣውን ያነሣላታል። የአውቶቡሱ ነጂ «ኮኾ፣ ግባ እንጂ» ይለዋል፤ እየሳቀ ይገባል። እኔ በድንጋጤ እሞታለሁ። ዳባት ላይ ሰውን ፊት ለፊት «አንካሳ» ብትል ዱላ ይነሣል። በኛ አገር ያነከሰ ሰው ፊት «እግሩን ትንሽ ያመዋል» ነው የሚባለው፤ ዞር ሲል ግን የአባቱን ስም ትተን በእግሩ እንጠራዋለን። እዚያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ፊት ለፊት ኮኾ ይሉታል፣ በሌለበት ሲያነሡት «ማኤስትሮ»፣ መምህር፣ ነው የሚሉት።

አንድ ጠዋት እኔም ቋንቋ መቻሌን ላሳይ ብዬ «እንደምን አደርክ፣ ኮኾ» አልኩት። ሌሎቹ ተማሪዎች ከሥራቸው ቀና አሉ። እሱ አልተቆጣም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከፍ ያለውን ጫማ አውልቆ የምሠራበት ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«ይህን ሶል ቀይርልኝ» አለኝ። «ከተመቸኝ፣ ያኔ ኮኾ በለኝ።»

ሠርቼ ሰጠሁት። አድርጎ ወዲህ ወዲያ አለና «ገና ነህ» ብሎ መለሰልኝ። ደግሜ ሠራሁ፤ አሁንም ገና። ቆይቶ ነው የገባኝ። ቃሉ የተከለከለ አልነበረም፤ የእግሩን ነገር የሚያውቁ ሰዎች ንብረት ነበር። ያቺ ልብስ የምታሰጣው ሴት ሲታመም ሾርባ ይዛለት የምትመጣ ጎረቤቱ ናት። ነጂው እሱ ሳይቀመጥ መኪናውን አያንቀሳቅስም። ወደ አገሬ ልመለስ ስሰናበተው ያደረገውን ጫማ እያሳየኝ «ይህ ያንተ ሥራ ነው፤ በል አሁን ጥራኝ» አለኝ። አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣ አለኝ። «ማኤስትሮ» ብዬው ተቃቀፍን። ምን ነበረበት ብለው! እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲያ ወሬውንም አልሰማሁ።

የዚያ ሰው ልማዶች ከትምህርቱ ይልቅ ተጣብቀውብኛል። ሕመምተኛ ሲገባ ዓይኑን ጨፍኖ የእርምጃውን ድምፅ ያዳምጣል፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ደግሞ የማይተዋት ጨዋታ ነበረችው። የምንበላባትን ጠረጴዛ ሆን ብሎ የምትንገዳገድበት ቦታ ያስቀምጥና «ይህች ጠረጴዛ ኮኻ ናት፤ አስተካክልልኝ» ይላል። አዲሱ ተማሪ መጋዝ ያነሣል። እኔም አንሥቻለሁ። ማኤስትሮ መጋዙን ይቀማና ጠረጴዛዋን ትንሽ ወደ ጎን ገፋ ያደርጋታል፤ ቀጥ ብላ ትቆማለች። «እግሯን ልትቆርጥ ነበር፤ ያነከሰው ወለሉ ነው» ይላል። እግርን ከማየትህ በፊት እግሩ የሚያርፍበትን እይ ማለቱ ነው።

ሌላው ሕጉ እግር ከነጫማው ይለካል የሚል ነበር። የኛ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል፤ ጫማ ብናደርግም ብናወልቅም ራሱን ያስተካክላል። የተሠራው ግን አይታጠፍም። ተረከዙ ከፍ ካለ ሰውየውን ወደፊት ይገፋዋል፣ ዝቅ ካለ ወደኋላ ይጥለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጫማው ይመጣል፣ እግሩ በጫማው ልክ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ጫማ መቀየር የለም። ሁለቱንም ትምህርት ይዤ ወደ አገሬ ገባሁ። ሁለተኛው በማስመሪያ የሚለካ ስለሆነ ይቀለኝ ነበር።

መጀመሪያ የተመደብኩት ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮች እግር በሚሠራበት ትልቅ ወርክሾፕ ነው። አለቃችን በወር ስንት እግር ወጣ ይል ነበር እንጂ ማን ሄደበት ብሎ ጠይቆ አያውቅም። መንግሥት ሲለወጥ እሱም ተለወጠ፤ የተተካው ሰውም ያንኑ ይጠይቅ ጀመር። ከዚያ ጎንደር ሠራሁ። በመጨረሻ በራሴ ጥያቄ ደባርቅ መጣሁ። የሰጡኝ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ጀርባ ያለች፣ ክረምት ክረምት የምታፈስ ክፍል ናት። ዳይሬክተሩ ቁልፉን ሲያስረክበኝ «ለመሆኑ እዚህ አገር እግር የሚፈልግ አለ?» አለኝ። ብዙ ሳይቆይ ደጃፌ ላይ ፀሐይ እየሞቀ የሚጠብቀውን ሰው አየና ጥያቄውን ተወው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከተቆረጠው የቀረውን እግር በስስ ጨርቅ ታለብሰውና አጥንት ጎልቶ የወጣበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ታከብበዋለህ። በላዩ በውኃ የራሰ የጄሶ ፋሻ ትጠቀልላለህ። ጄሶው ሳይደርቅ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለውን ለስላሳ ቦታ በሁለት አውራ ጣትህ ጫን ብለህ ትይዛለህ፤ ወደፊት የሰውየውን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። ሰልችቶህ ቶሎ ከለቀቅህ ሰውየው ዕድሜውን ሁሉ አጥንቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ይኖራል። በዚያ ቅርጽ ላይ ነው በምድጃ የለሰለሰው ፕላስቲክ የሚለብሰው፤ ከሥሩ ዘንጉና የጎማው እግር ይታሰራሉ። ጠዋት ጠዋት አውራ ጣቶቼን የሚያመኝ ከዚያ የተረፈ ነው።

ማኤስትሮ ያላስተማረኝን ገበሬው አስተማረኝ። ከአምቢኮ የመጣ አንድ አራሽ የሠራሁለትን እግር በጭቃ እንደተለወሰ ትከሻው ላይ አድርጎ መለሰልኝ። «እግርህ ሰነፍ ነው፤ እኔ በሬ ስከተል እሱ ማሳ ውስጥ ይቀራል» አለኝ። የክረምት ጭቃ ይዞ እንደሚያስቀረው አልታየኝም ነበር። ከጉልበት በላይ የሚታሰር የቆዳ ጠፍር ጨመርኩለት፤ ከዚያ ወዲያ ለአራሽ ሁሉ እንዲሁ አደረግሁ። የማሳውን ወለል አወቅሁ፣ የገበያውን ድንጋይ አወቅሁ፣ የቁልቁለቱን ኮረት አወቅሁ። ማኤስትሮ ቢያየኝ ይኮራብኛል እል ነበር። በዚያው ሰሞን ሥልጠና ተጠርተን «አንካሳ አይባልም፣ አካል ጉዳተኛ ነው የሚባለው» ተባልን። ጥሩ ነው። ግን ይህን የተነገረንበት አዳራሽ ደረጃው በክራንች የሚወጣ አልነበረም፤ ብናገር «ይታያል» ተባልኩ።

መርጌታ ወልደ ሐና ወደኔ የመጡት ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ ነው። ከዳባት ወጣ ብላ ያለች የአንዲት ገጠር ደብር የማኅሌት መሪ ነበሩ። ዳባት ገበያ ውለው ሲመለሱ እህል የጫነ መኪና ወደኋላ ሲመጣ እግራቸውን ያዘው፤ ጎንደር ወስደዋቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ከሚስታቸው ከወይዘሮ አገሬ ጋር በአውቶቡስ መጡ። እኔም እንደ ልማዴ፣

«መርጌታ፣ ከቤትዎ ወደ ገበያ ስንት ይርቃል? መንገዱስ ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ጀመርኩ።

«ልጄ፣ መሄድ አይደለም የምፈልግ» አሉኝ። «መሄድስ በበቅሎም ይሄዷል። መቆም ነው የምሻ።»

«መቆም?»

«ማኅሌት። ተቁም ዜማው እስተ ወረቡ። መቋሚያው በእጄ ለዝማሜ እንዲነሣ እንጂ ምርኩዝ እንዲሆንብኝ አልፈልግም። መቋሚያዬን ተደግፌ የቆምሁ ዕለት መሪነቴ ያበቃል።»

ማኅሌት ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው ነገሩ ላይገባው ይችላል። መዘምራኑ መቋሚያ በአንድ እጅ፣ ጸናጽል በአንድ እጅ ይዘው፣ ከዜማው ጋር ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘምማሉ። መቋሚያው ከፍ ዝቅ የሚለው ከሰውነት ጋር ነው። ክብደቱን ሁሉ የሚችለው እግር ነው። እኔም ለመሄድ እንጂ ለመዝመም እግር ሠርቼ አላውቅም ነበር፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ አዲስ ሥራ ተገኘ ብዬ ነው።

ጄሶው እስኪደርቅ ጉልበታቸውን ይዤ ሳለሁ ስለ ማኤስትሮ አጫወትኳቸው። ሴቲቱን፣ ባርኔጣውን፣ የጫማውን ሶል ሁሉ ነገርኳቸው። መርጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እንግዲያ እኔንም እንደዚያ በለኝ» አሉ። «ተኋላዬ አንካሳው መርጌታ መባሌ አይቀርልኝም። አንተ ተፊቴ ኮኾ በለኝ።»

«ኧረ መርጌታ!»

«በለኝ እንጂ። እግሬን ይዘህ ተቀምጠህ ምን ያፈራርሃል?»

አልኳቸው። ለማኤስትሮ ያልወጣልኝ ቃል ለሳቸው ወጣልኝ። እግሩ ተሠርቶ እስኪያልቅ በየጠዋቱ «መርጌታ ኮኾ፣ እንዴት አደሩ?» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተን ኮኾ አያድርግህ» ይሉኛል። ወይዘሮ አገሬ ቃሉ የመድኃኒት ስም ይመስላቸው ነበር።

በመጡበት ኮንጎ ጫማ አልለካም አልኩ። ደባርቅ ገበያ ወርጄ ተረከዙ መጠነኛ የሆነ ጥቁር የቆዳ ጫማ መርጬ አመጣሁና እግሩን በዚያ ልክ አቆምኩት። ለሁሉም የምለውን ለሳቸውም አልኩ፤ «ጫማውን ሳያደርጉ እግሩን እንዳይረግጡበት።»

«ትእዛዝህስ ከቀኖና አይተናነስም» ብለው ቀለዱብኝ።

መጀመሪያ በሁለት አግዳሚዎች መካከል ተራመዱ። ከዚያ ቀስ በቀስ አግዳሚውን ለቀቁ። አንድ ቀን ሚስታቸው መቋሚያቸውን ከቤት አመጡላቸው፤ ዓይናቸውን ከደን አድርገው ዜማውን በለሆሳስ ጀመሩ። ወደፊት፣ ወደኋላ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። መቋሚያው ወለሉን ሳይነካ ከፍ ዝቅ ይላል። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እጃቸው አረፋ እንደሆነ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ፤ አንደኛዋ እልል አለች። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የደብራቸው ንግሥ ቀርቦ ነበርና «እንዳትቀር» ብለውኝ ሄዱ።

ለንግሡ ዳባት ዘመድ ቤት አድሬ ገና ጎሕ ሲቀድ ደብሩ ደረስኩ። ከውስጥ ከበሮው ይሰማል። በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ። ጫማዬን የማኖርበት ቦታ ስፈልግ ነው ያየሁት። ከኮንጎውና ከሸራ ጫማው መካከል እኔ የመረጥኩት ጥቁር ጫማ፣ ግራና ቀኙ አጠገብ ላጠገብ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ እኔም ገና አሁን አወለቅሁ። ከዚያ ነው እግሩን ያቆምኩት በዚያ ጫማ ተረከዝ ልክ መሆኑ ትዝ ያለኝ።

ስገባ ወረቡ ተጀምሯል። መዘምራኑ ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ መርጌታ በቀኙ ረድፍ መጀመሪያ ላይ ናቸው። ሰውነታቸው ወደኋላ ይሄድባቸዋል፣ በወገባቸው እየጎተቱ ይመልሱታል። ለሌላ ሰው ዝማሜ ይመስላል። ወደኋላ የሚጥላቸው የጎደለው ተረከዝ መሆኑን እዚያ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ልደርስባቸው ሰው መካከል ገባሁ፤ ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሏል፣ መጮህ አይቻልም። «እባክዎ ያሳልፉኝ» ስል አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው «እረፍ እንጂ» አሉኝ። ከበሮው እየፈጠነ ሄደ። መርጌታ መቋሚያቸውን ሲያወርዱት፣ ጫፉ ምንጣፉ ላይ ሲያርፍና ሲጫኑት አየሁ። ተደገፉበት። ከዚያ መቋሚያው ተንሸራተተና እሳቸው በጀርባቸው ከበሮ መቺው ላይ ወደቁ። ከበሮው ተንከባሎ ሴቶቹ ዘንድ ደረሰ።

ዜማው አልተቋረጠም። ሁለት ዲያቆናት ደግፈው ሲያወጧቸው የቀሩት ክፍተቱን ገጥመው ቀጠሉ፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። ከውጭ ከጽዱ ሥር አስቀመጧቸው። ምንም አልተሰበሩም። ተንበርክኬ እግራቸውን ስይዝ፣ እሳቸው ቀደሙኝ።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አሉኝ። «ትእዛዝህን አፈረስሁ። ቄሰ ገበዙን ትናንት ጠይቄ ነበር፤ እግሩ እንደ አካል ነው ይግባ፣ ጫማው ግን ጫማ ነው አሉኝ። ታዲያ ምን ላድርግ?»

ይቅርታ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው! ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅ ሆኜ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ የዳባት ልጅ ነኝ። ሰውየው ሊቆሙ የመጡት የት እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ነግረውኛል። እሳቸውም ጫማ አውልቄ ነው የምገባ አላሉኝም፤ ማንም የማይሳሳተውን ነገር ምን ብለው ይነግሩኛል? እኔም አልጠየቅሁም። የውጭ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ ይጠይቅ ነበር። ሁለታችንም እጅግ ስለምናውቀው ከሁለታችንም አፍ ሳይወጣ ቀረ።

ደባርቅ ተመልሼ በባዶ እግር የሚቆም ሌላ እግር ሠራሁ። ጫማ ሲያስፈልግ ያው ተረከዝ የሌለው ኮንጎ ይበቃዋል። ወርክሾፑ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፌ፣ ሚዛኑን ደጋግሜ አይቼ፣ ተሸክሜ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። መርጌታ መደብ ላይ ተቀምጠው ተማሪዎቻቸውን ዜማ ያስጠናሉ። ለኩት፣ ቆሙ፣ ወዲህ ወዲያ አሉ። አልተንገዳገዱም።

«ልክ ነው» አሉ። «እጅህ ይባረክ።»

«እንግዲህ ለሚመጣው በዓል…»

«አይሆንም።»

«መርጌታ፣ ይኸው ቆመዋል እኮ።»

«እኔስ ቆሜያለሁ። ሰዉ ግን ተዚህ ወዲያ ዓይኑን ከእግሬ አያነሣም። ወደቁ አልወደቁ እያለ ሲጠብቅ ያነጋል እንጂ ዜማውን አይሰማም። ማኅሌት የኔን እግር ማያ ሲሆን አልወድም፤ መሪነቱን ለሌላ ሰጥቻለሁ።» ቀጥለውም «ምነው፣ ስሜን ተውከው?» አሉኝ።

«መርጌታ» አልኳቸው። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። ያን ስም የምጠራበት ፊት አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላም እየሄድኩ ለመንኳቸው፤ እሺ አላሉኝም። እየቆየ መሄዱ እኔኑ ይከብደኝ ጀመር፤ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት፣ እግሬ ቀረ። በሥራዬ ላይ ግን አንድ ነገር ለወጥኩ። ሰው ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ «ጫማዎን የት የት ያወልቃሉ?» እለው ጀመር። የተኩኝ ወጣቶች መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ አሁን እነሱም ይጠይቃሉ። ለስንቱ ሰው ጠቀመ። መርጌታን ሳስብ ግን ይህ ሁሉ አያጽናናኝም።

ዘንድሮ መርጌታ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ወይዘሮ አገሬ ብቻቸውን ቤት ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሠራሁት እግር ከመደቡ ራስጌ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል።

«ለሌላ ምስኪን የሚሆን ከሆነ ውሰደው» አሉኝ።

«ለሌላ አይሆንም፤ በሳቸው ልክ የተሠራ ነው። ደግሞስ ብዙም አልሠራላቸው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እንዴት አልሠራላቸው? የበዓል ዕለት ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ፣ አገሬ በሩን ዝጊው ይሉኛል። ከዚያ እግሩን ያጠልቁና መቋሚያቸውን ይዘው እዚህ ይቆማሉ።» በመደቡና በበሩ መካከል ያለችውን ባዶ ቦታ በእጃቸው አሳዩኝ። «ከደብሩ ዜማው ሲሰማ እሳቸው እዚህ ይቀበላሉ። እዚያ እስኪያበቃ እዚህም አይቀመጡም። ዓመት እስከ ዓመት እንዲያው ነበሩ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ለታደለ አትንገሪው፣ ከሰማ መጥቶ ቤተ ክርስቲያን ካልወሰድኩዎ ይለኛል ብለው አስምለውኝ ነዋ።»

«ወድቀው ያውቃሉ?»

«ኧረ አንድ ቀንም!»

«ታዲያ ማንም ሳይሰማቸው…» አልኩ።

«እኔ ሰምቻቸዋለሁ» አሉ ወይዘሮ አገሬ፣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ። «ምን ያደርጋል፣ እኔ ዜማ አላውቅ።»